የአባቴ ባልጩት

አንባቢ ሆይ፤ መሥሪያ ቤት ከገቡ ወዲህ «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ተብለው ስንት ጊዜ ተጠየቁ? እኔ ብዙ ጊዜ ተጠይቄአለሁ፤ መልሴም ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ገበሬ ናቸው» እላለሁ። ገበሬ ማለት በአገራችን የተከበረ መልስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

አባቴ ገበሬ አይደሉም። አባቴ ፋቂ ናቸው። ይኸን ቃል ስለ ቤቴ በወረቀት ላይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ስለ ሆነ እጄ ትንሽ አመንትቶአል። እንድጽፈው ያስገደደኝን ነገር ላጫውትዎ።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፥ አንድ እሑድ፥ የቢሮአችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተን ወደ መልካ ቁንጡሬ ወረድን። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ አዋሽን የሚሻገሩበት ቦታ ነው፤ «መልካ» ማለትም በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ቦታውን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ያገኙት ጌሪት ዴከር የተባሉ የኔዘርላንድ ሰው፥ የውኃ ባለሙያ ነበሩ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት አስቆፍረውታል። በ2024 ዓ.ም. ከአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል።

በጎጆ መልክ በተሠራው ቤተ መዘክር ውስጥ ስንዞር አስጐብኚው ከመስተዋቱ ጀርባ ያለች አንዲት ትንሽ ጥቁር ድንጋይ አሳየንና «ይኽች ምን ትመስላችኋለች?» አለን። አንዱ ቢላ ነው አለ። ሌላው ዝም አለ። ሦስተኛው ጓደኛችን «ይኼማ ለፋቂ ነው የሚሆነው፤ ወስዳችሁ ስጡት!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የኔ ሳቅ ሳይጮኽ አልቀረም።

ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የድንጋዪቱን ሥራ በእርግጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። አባቴ እንዲህ ያለችውን ድንጋይ በእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ በሙጫ ያጣብቋታል፤ ከዚያ በኋላ የተወጠረውን የበሬ ቆዳ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ስለቷ ሲዶለዱም በትንሽ ብረት ጠርዟን ቸብ ቸብ ያደርጉና ይስሏታል። ብረት መፋቂያ ለምን አይዙም ቢሉኝ፥ ብረት ቆዳውን ይበሳል፤ ባልጩት ግን እንደ ምላጭ ስል ሆኖ ለእጅ ይታዘዛል። ፍርፋሪው የሰው እግር እንዳይቈርጥ እየለቀሙ ከጓሮ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ልጅ ሳለሁ ያ ጉድጓድ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያበራው ነገር ሀብት ይመስለኝ ነበር።

ሀብት እንዳልሆነ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ነው። በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ የውኃ ጣሳ ነበር፤ እኔ ከጠጣሁበት በኋላ በአመድ ሳይታጠብ ሌላ ልጅ አይጠጣበትም። ማንም አልመታኝም፥ ማንም አልሰደበኝም፤ ጣሳውን ብቻ ያጥቡት ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ስገባ አባቴን ገበሬ አደረግኋቸው።

ከመልካ ቁንጡሬ የተመለስሁ ለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ስለዚያ ቦታ የተጻፈውን እየፈለግሁ ማንበብ ያዝሁ። እነሆ፥ ካነበብሁት ጥቂቱን ላካፍልዎ።

በአዋሽ ዳር በጋርባ የተገኘው የአንድ ሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አለው፤ ሊቃውንት ሆሞ ኢሬክተስ ከሚሉት ወገን ነው። በስምቢሮ ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ከ500 የሚበልጡ የእጅ መጥረቢያዎችን ከባልጩት ሲጠርቡ የዋሉበት ቦታ ተገኝቶአል። ባልጩት እንደ ጠርሙስ የሚሰበር፥ እጅን የሚቈርጥ ድንጋይ ነው፤ እሱን መጥረብ ዐይንና እጅ ይጠይቃል። ይኸን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም፤ የግራ አውራ ጣቴ ላይ ጠባሳው አለ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የእግር ዱካው ነው። በጎምቦሬ፥ 700 ሺህ ዓመት በሆነው ጭቃ ላይ፥ የዐዋቂዎችና ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት እግር ታትሞ ቀርቶአል። በዚያው ስፍራ የተጠረበ ድንጋይና የታረደ ጉማሬ አጥንት አለ። እንግዲህ ልጆቹ ከሥራው ስፍራ አልተባረሩም ማለት ነው። ድንጋይ ሲጠረብ፥ ሥጋ ሲቈረጥ አጠገብ ሆነው ያያሉ። እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነው፤ አባቴ አንድ ቀን እንኳ «እንዲህ አድርግ» ብለው አላስተማሩኝም፥ ከጐናቸው እንድቀመጥ ብቻ ፈቀዱልኝ።

በዝዋይ አጠገብ በጋደሞታ ደግሞ ከ275 ሺህ ዓመት በላይ የሆናቸው የባልጩት ጫፎች ተገኝተዋል፤ በእንጨት ላይ ተገጥመው የሚወረወሩ ነበሩ። ድንጋይን ከእንጨት ጋር ማጋባት ቀላል ብልሃት አይምሰልዎ። ሁለት የማይዛመዱ ነገሮችን በሐሳብ አገናኝቶ አንድ መሣሪያ ማድረግ ነው፤ የአባቴም እጀታ የዚሁ ብልሃት ልጅ ነው።

ቆዳስ? ቆዳ ይበሰብሳልና በመሬት ውስጥ ብዙ አይቆይም። ነገር ግን፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ቅማል መሰከረች። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ተለይታ የወጣች ናት፤ ሰው ልብስ ሳይለብስ እርስዋ ልትኖር አትችልም። የሁለቱን ዲ.ኤን.ኤ. ያስተያዩ ሊቃውንት መለያየቱ ከ83 ሺህ እስከ 170 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደ ሆነ ገምተዋል። በሞሮኮ በኮንትረባንዲዬ ዋሻም ከ90 ሺህ እስከ 120 ሺህ ዓመት የሆናቸው የቆዳ ሥራ የአጥንት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። እንግዲህ ያስቡት፤ ከአፍሪካ ወጥቶ ብርድና በረዶ ወዳለበት አገር የዘለቀው ሰው ራቁቱን አልሄደም። ቆዳውን የፋቀለት ሰው ነበረ። ያን ሰው ከየትኛው ጣሳ አጠጡት?

እርግጥ፥ ያን ጊዜ ፋቂ የሚባል የተለየ ሰው አልነበረም። እያደነ በሚዘዋወር ትንሽ ጭፍራ ውስጥ ሁሉም ይጠርባል፥ ሁሉም ይፍቃል። ወደ 11 ሺህ ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ፥ ኋላም በየአገሩ፥ ሰው እህል መዝራትና ጐተራ መሙላት ሲጀምር ሥራ ከሥራ ተለየ፤ መሬት ያለውና መሬት የሌለው ተለያዩ። በእኛ አካባቢ ፋቂ መሬት አይሰጠውም ነበር፤ መሬት ስለሌለው ደግሞ ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ግን እስከ ትምህርት ቤታችን ጣሳ አልደረሰም።

ለፋሲካ አገሬ ገባሁ። አባቴ አሁን አርጅተዋል፤ የስፖንጅ ፍራሽ ከመጣ ወዲህ ቁርበት የሚገዛም የለም። በስልኬ ያነሣሁትን የቤተ መዘክሩን ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ስለ ዓመቱ ብዛት የነገርኋቸው አላስደነቃቸውም።

«ይኸ ሰው» አሉ በጣታቸው እየጠቈሙ፥ «እስኪያልቅ ድረስ ስሎታል። ድንጋዩን ከሩቅ ያመጣ ነበር»።

«የለም አባባ፥ ቅርብ ነው፤ ከወንዙ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው»።

«እንግዲያው ሰነፍ ነበር» አሉና ወደ ሌላው ድንጋይ ተሻገሩ። «ይኸኛው ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። አየህ፥ ጠርዙን አብዝቶ መትቶ አበላሽቶታል። አንተም እንዲሁ ነበር የምታበላሽብኝ»።

ከዚያም በሚቀጥለው ስመጣ ከዚያ አገር ሁለት ደኅና ድንጋይ እንዳመጣላቸው ለመኑኝ። የተከበረ ቅርስ ስለ ሆነ ጠባቂ እንዳለውና ማንሣት ክልክል እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ስልኩን መለሱልኝና ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ።

«ለፋቂም?» አሉኝ።