የእንግዴ ልጁስ?

አያታችን ጥያቄ አያበዙም። ጥር 2013 ዓ.ም. ግን ታላቅ እህታችንን ከጤና ጣቢያ ደግፈን፣ ባዶ እጃችንን ዱርቤቴ ቤታችን ስንገባ አንድ ነገር ጠየቁ።

«የእንግዴ ልጁስ?»

ተያየን። እዚያው ጉድጓድ ተጥሏል አልናቸው። በእሳቸው ዘመን ጓሮ ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። እኛ ደግሞ (ያው ጋዜጠኝነት ተምረናል ባዮች) ልጅ ሞቶብን ስለ እንግዴ ልጅ ይጠይቃሉ ብለን በልባችን ታዘብናቸው።

እህታችን ስምንተኛ ወሯ ነበር። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አተኮሳት፤ ቡና ተቆልቶ «ሽታው አልመጣልኝም» አለች። መጋቢት 2012 መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን ሲዘጉ እኛ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ ብለን «አለፈን» ያልን ሰዎች ነን፤ ታዲያ ማን ምርመራ ይሂድ! ዝንጅብል ጠጣች፣ ዳነች። ከዚያ ልጁ መራገጥ አቆመ።

ነገሩን ማንበብ የጀመርነው ቆይተን ነው። ለካ የእናትና የልጅ ደም አይቀላቀልም። የእንግዴ ልጁ እንደ ሥር የተበተኑ ቀጫጭን ጫፎቹን የእናትየው ደም ውስጥ ነክሮ አየሩንና ምግቡን ይስባል። አንዳንዴ የኮሮና ቫይረስ የእነዚህን ጫፎች ቆዳ ይገድላል፤ በመካከላቸው የረጋ ነገር ይሞላል። የቆጋ ቦይ ደለል ሲሞላው ማሳው እንደሚደርቀው ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ ጥናት ከ12 አገሮች የተሰበሰቡ 68 እንዲህ ያሉ የእንግዴ ልጆችን መርምሯል። 64ቱ ሕፃናት ሞተው ተወለዱ፤ 4ቱ ተወልደው ሞቱ። በአማካይ ከእንግዴ ልጁ ሦስት አራተኛ በላይ ተበላሽቶ ነበር። ሕፃናቱን የገደላቸው በአብዛኛው የአየር እጦት ነው። እናቶቹ ክትባት አልወሰዱም፤ እኛም አገር ክትባቱ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 2013 ነው፤ ለእህታችን ሁለት ወር ዘግይቶ።

በኮሮና የታመመች ነፍሰ ጡር ሁሉ ይህ አይደርስባትም፤ ብዙዎቹ በሰላም ይገላገላሉ። ቫይረስም ሁሉ አንድ አይደለም። ኤች አይ ቪን የእንግዴ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይመክተዋል፤ ልጁ ይበልጥ የሚያዘው በምጥና በጡት ነው። ሩቤላ ግን አልፎ የጽንሱን ዓይን፣ ጆሮና ልብ ያገኛል።

ሰፈሩ ይህን ሁሉ አላነበበም። «ሾተላይ አለባት» ተባለ። እህታችንም የተሸከመችውን ጀሪካን እየቆጠረች ራሷን ትወቅስ ነበር። አንድ ቀን አዋላጇን መንገድ ላይ አገኘናት። የእንግዴ ልጁን ታስታውሺዋለሽ ወይ አልናት። «ጠጥሮ፣ ነጣ ብሎ ነበር። ሙሉ መውጣቱን አይቼ ጣልኩት» አለች። እንደተማረችው ነው ያደረገችው። ጤነኛው ለስላሳና ጥቁር ቀይ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ለእህታችን ነገርናት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ጀሪካኑ አይደለም ማለት ነው?» አለች። ይሆናል አልናት፤ ያ ሥጋ ተመርምሮ ቢሆን «ይሆናል» ባላልን።

አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አያታችን ከጌሾው ሥር ቦታ መርጠው አፈሩን አለስልሰዋል። እኛም መጀመሪያ ሐኪም ሳያየው እንዳይቀበር ለመንናቸው። «እዩት፤ ብቻ መልሱልኝ» ብለዋል።