ስታይሉ ሲጠፋ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፒያኖ ግዢ ነው። አትሳቁብኝ። ልጆቻቸውን ሙዚቃ ማስተማር የሚፈልጉ ወላጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ የገባኝን ያህል ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ነገር ግን በዚህ ግዢ መካከል ጌታ እኔን ራሴን የያዘበት ነገር ስላለ፣ እርሱን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ልጃችን 11 ዓመት ሲሆናት፣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ገዛሁላት። ሱቅ ውስጥ ልቤን የወሰደው የድምፁ ብዛት ነበር። ሻጩ አንዱን ሲጫን ቫዮሊን፣ ሌላውን ሲጫን ትራምፔት ይሰማል። በግራ እጁ አንድ ጣት ብቻ ሲያስቀምጥ ደግሞ ከበሮውም፣ ባሱም፣ ጊታሩም አብሮ ተነሳ። “ፓስተር፣ ይሄ እኮ ሙሉ ባንድ ነው” አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ዓመት ሳይሞላ ልጄ በሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናቱ ጋር መጫወት ጀመረች። ሰውም “ተባረኪ” አላት፤ እኔም ደረቴ ተነፋ።

በኋላ አንድ ሙዚቃ የተማረ ወጣት ወንድም ልጆቹን ሊያሠለጥን ወደ አጥቢያችን መጣ። በመጀመሪያው ቀን “እስቲ ስታይሉን አጥፊውና ያንኑ መዝሙር ተጫወቺልኝ” አላት። አልቻለችም። ግራ እጇ የሚሠራው ነገር ጠፋበት፤ ቀኝ እጇም ብቻውን ሲቀር ዜማውን ጣለው። ማታ ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና “አባዬ፣ እኔ እኮ መጫወት አልችልም። የሚጫወተው ማሽኑ ነው” አለችኝ።

ወጣቱን ወንድም ቤት ጠርቼ ምን እንግዛላት ብዬ ጠየቅሁት። የነገረኝን ላስተላልፍላችሁ። “ፓስተር፣ ለቤት ልምምድ ሲገዙ ድምፁን አይቁጠሩ፤ ቁልፉን ይዩ” አለኝ። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ግን ክብደቱ ነው። እውነተኛ ፒያኖ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ መዶሻ አንስቶ ክሩን ይመታል። ስለዚህ ጣት መሥራት አለበት። ጥሩ ዲጂታል ፒያኖም ይህን ክብደት እንዲመስል ተደርጎ ይሠራል፤ ወደ ባሱ በኩል ከበድ፣ ወደ ላይ ሲኬድ ቀለል ይላል። በቀስታ ሲነኩት በቀስታ፣ በኃይል ሲመቱት በኃይል ይመልሳል። በቀላል የፕላስቲክ ቁልፍ ብቻ ያደገ ጣት እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ ይደክማል።

በዝቅተኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል ያማሃ ፒ-45ን፣ ካሲዮ ሲዲፒ-ኤስ110ን እና ሮላንድ ኤፍፒ-10ን ጠቀሰልኝ። ሦስቱም ባለ 88 ቁልፍና ክብደት ያላቸው ናቸው። ካሲዮው መብራት ሲጠፋ በስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች መሥራቱ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ያማሃው ያለ መብራት አይሠራም፤ ድምፁም 10 ዓይነት ብቻ ነው።

ባለቤቴና እኔ ሶፋ ለመቀየር ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረችን። አንድ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብ ያገለገለ ፒ-45 እንደሚሸጥ ሰማንና ሄድን። የሚጠየቅበት ዋጋ ሱቅ ውስጥ ካየሁት አዲስ፣ መቶዎች ድምፅ ካለው ኪቦርድ ጋር ተቀራራቢ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ልቤ አሁንም ወደዚያኛው አዘነበለ። ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን አለው፣ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። ይህኛው ጥቁር ጣውላ ይመስላል። ልጄ ግን ተቀምጣ አንድ ኮርድ በቀስታ ተጫነችና “ይሄ ይከብዳል” አለች። ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ ለእሑድ ስብከት ለመዘጋጀት ተቀመጥኩ። እጄ የሄደው ወደ አሮጌ ማስታወሻ ነው። ከዓመታት በፊት የሰበክሁት ነው፤ ርዕሱን ቀይሬ ልወጣበት ነው። ያን ጊዜ የልጄ ቃል መጣብኝ፤ “የሚጫወተው ማሽኑ ነው።” ወገኖቼ፣ ብዙ ዓመት በአገልግሎት የቆየ ሰው አንድ ጣት ካስቀመጠ የቀረው በራሱ ይነሳል። ድምፁን የት ከፍ እንደሚያደርግ፣ የት ዝም እንደሚል፣ ጉባኤው የት ላይ አሜን እንደሚል ያውቃል። የነገረ መለኮት ትምህርቱም አለ፤ ጥቅሱም ተሸምድዷል። ስታይሉ ቢጠፋ ግን ምን ይቀረኛል? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ግራ እጄ ባዶ ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን “አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የዚያ ክፍል በር ሲዘጋ ካልሰማሁ ቆይቷል” አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ጸሎት ሲያስተምር ወደ እልፍኝ መግባትንና በር መዝጋትን ነው ያሳየን። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ደግሞ ዳዊት ወደ ሳኦል ፊት ከመጠራቱ በፊት በገና መምታት እንደሚያውቅ ተመስክሮለታል። የት እንደተለማመደ ቃሉ አይነግረንም። እኔ ግን ከበጎቹ ጋር፣ ማንም “ተባረክ” በማይልበት ቦታ ይመስለኛል። ቤተ መንግሥት የተሰማው በሜዳ የተለመደው ነው።

ፒያኖውን ገዛነው። ሶፋው አሮጌው ነው። ለምትገዙ ጥቂት ምክር፦ ያገለገለ ከሆነ 88ቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ በቀስታም በኃይልም ሞክሩ። የሚንቋቋ ወይም ሳይነኩት የሚጮኽ ካለ ተዉት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። ፔዳሉ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። የወንበሩ ከፍታ ክርን ከቁልፉ ጋር እኩል የሚሆንበት ይሁን። ኢርፎን ባለ ሽቦ ይሁን፤ ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገያል። የፒ-45 መሰኪያ ትልቁ ዓይነት ስለሆነ ለስልክ ኢርፎን ማገናኛ ያስፈልገዋል። አቅም የሌላችሁ ደግሞ ያላችሁን ኪቦርድ አትጣሉት። ስታይሉን አጥፉና በሁለት እጅ በዝግታ ይለማመዱበት። ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ እርሱ ነው።

አሁን ልጄ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ግማሽ ሰዓት ትለማመዳለች። ኢርፎን ስለምታደርግ ለእኛ ዜማው አይሰማንም፤ የሚሰማን የቁልፎቹ ደብ ደብ ማለት ብቻ ነው። እኔም ከግድግዳው ወዲህ፣ በሩን ዘግቼ እንበረከካለሁ። መጀመሪያ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቻልኩም፤ ጉልበቴ ሳይሆን ልቤ ደከመኝ። ያቺን አሮጌ ማስታወሻ አላነሳኋትም። የዚያ እሑድ ስብከት አጭር ነበር፤ አሜኑም ጥቂት ነበር።

ልጄ ገና በጉባኤ ፊት አልተጫወተችም። አንድ መዝሙር በሁለት እጇ፣ ያለ ስታይል፣ እስከ መጨረሻው መጫወት ችላለች፤ ቀስ ብላ ነው። መቼ ትጫወቻለሽ ብዬ አልጠይቃትም። በሩ ተዘግቶ የሚሆነውን የሚሰማ አባት ስላላት፣ ስላለኝም፣ ጊዜው ሲደርስ እርሱ ይጠራታል።