ከኑር መስጊድ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የእግር መንገዳችንና የቤታችን ማዕድ



ስድስት ኪሎን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። «ኪሎ» የተባለው ኪሎ ሜትር ከሚለው ቃል እንደመጣ ይነገራል። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ የርቀት ስሞች ናቸው ማለት ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ «ስንት ኪሎ?» ሲባል ርቀቱን ማንም አያስብም፤ ጥያቄው ስለ ሰውነት ክብደት ነው። በዚህ ወር እግራችንን ወደዚያ ያነሳነው ሁለቱን ኪሎዎች አብረን ለማየት ነው።

መንገዱ

ዐስርን ፒያሳ ኑር መስጊድ ሰግደን ተነሳን። ብዙዎች በኒን መስጊድ የሚሉት ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ የቆዩ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ተለውጧል፤ በምትኩ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተዘርግቶላታል። ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደን ወደ አራት ኪሎ ያለውን ዳገት ስንይዝ ትንፋሻችን ማጠሩ አልቀረም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና ዳገቷ ለሳንባም ለልብም ሥራ ይሰጣል። የሚኒባስ ረዳቶች «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያሉ ቢጠሩንም እምቢ ብለን አለፍን።

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ፣ ከብሔራዊ ሙዚየም ወደ ላይ ስንዘልቅ ጠቅላላ ጉዟችን አንድ ሰዓት አልሞላም። ይህ መንገድ ገንዘብ አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ለልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ የሰውነት እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። እንዲህ ያለውን መንገድ በሳምንት ሦስት ጊዜ በፈጣን እርምጃ የሚሄድ ሰው ድርሻውን ተወጣ ማለት ነው። ወደ መስጊድ በእግር የሚሄድማ በየእርምጃው ምንዳ እንደሚጻፍለት ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል።

ማዕዱ

ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን ለተጨፈጨፉት ወገኖች የቆመው ሐውልት ይታያል። በአንድ ወገን ዩኒቨርሲቲው፣ በሌላው የየካቲት 12 ሆስፒታል አለ። በዙሪያው ደግሞ ካፌው፣ ጁስ ቤቱ፣ የድንች ጥብሱና የቦንቦሊኖው መሸጫ ተደርድሯል። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ቁጭ ይላል፤ ያዛል፤ ተመልሶ ቁጭ ይላል።

እስቲ እንቁጠረው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይህ ሰባት የሻይ ማንኪያ ግድም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የተመከረውን ዝቅተኛ መጠን ያልፋል። ሻዩ፣ ስኳር የተጨመረበት ጁስ፣ ኬኩ ገና አልተቆጠረም። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመች ቅባት ነው።

በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 8 ደረሱ። በከተማ ቁጥሩ ከዚህም በጣም ይበልጣል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከመቶ 22 ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች ከስተው ተገኝተዋል። ለረጅም ዘመን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በሽሮ ሜዳ በኩል ወደዚህ ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ያየ ይህን አይስተውም። በአንድ ከተማ አንዱ ባጣው፣ ሌላው ባበዛው ይታመማል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰው ልጅ ወገቡን የሚያቀኑለት ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ ካልሆነም ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲተው ማስተማራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። እኛ ግን እንግዳን «ወላሂ ሳትበላ አትነሳም!» ብለን እንይዛለን፤ የጠገበን ልጅ «ጨርስ!» እንላለን። የረመዳን ኢፍጣራችንም በዘይት በተጠበሰ ሳምቡሳና በጣፋጭ ተሞልቶ፣ በጾሙ የቀነሰውን ማታ እጥፍ አድርገን እንመልሰዋለን። «ወፈርክ፣ አማረብህ» የሚለው ምርቃታችንም ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ አያድንም።

ከቤት ምን ይጠበቃል?

የወፈረን ሰው ማሾፊያ ማድረግ በእስልምና የተከለከለ ነው። ዘር፣ እርግዝና፣ የዕጢ ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያወፍራሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነብዩ ጋር በሩጫ ተሽቀዳድመው እንደቀደሟቸው፣ በኋላም ሰውነታቸው ሲጨምር እርሳቸው እንደቀደሙ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ነብዩ በጨዋታ «ይህ በዚያኛው» ከማለት በቀር አልነቀፉም። ባል ሚስቱን «ቀንሺ» ከማለቱ በፊት አብሯት ይራመድ፤ አባት ልጁን ከመቆጣቱ በፊት ጠርሙሱን ከቤት ያውጣ። ለአንዱ ብቻ የተለየ ምግብ መሥራት ሳይሆን የሁሉንም ማዕድ ማስተካከል ነው መፍትሔው።

ማዕዱም ሩቅ አይደለም። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን የቤታችን ናቸው፤ ዘይቱንና ጨውን መቀነስ ብቻ ይቀራል። ጨው በቀን ለአንድ ሰው ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። ኢፍጣርን በተምርና በውሃ ጀምረን መግሪብን ሰግደን ብንመለስ ሆዳችን ልክ ያገኛል። ውሃ አብዝቶ የሚጠማው፣ ሽንት የሚደጋግመው ሰው ይመርመር። የስኳር ሕመምተኛ ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ።

ሰውነታችን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን አማና ነው። በትንሣኤ ቀን ስለ ሰውነታችን፣ በምን እንዳሳለፍነው እንጠየቃለን። ልጆቻችንም አማናዎች ናቸው፤ የምናጎርሳቸው እኛ ነን። አላህ ጤናና ልከኝነትን ይወፍቀን። አሚን።