እንዶድና ስሟ ያልተመዘገበው አጣቢ

እንዶድ የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ቁጥቋጦ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምና የሚማር ወጣት ግን ስሙን የሚያገኘው ምናልባት በቢልሃርዝያ ትምህርት፣ ከፕራዚኳንቴል ቀጥሎ በምትመጣ አንዲት መስመር ነው። ጉዳዩ ከአንዲት መስመር የበለጠ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የበሽታው አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች በአድዋ ወንዞች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። አንዲቱን አጣቢ ጥቂት የእንዶድ አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ላይ እንድትጨምር ጠየቋት። ጨመረች፤ ሞቱ። የምርምሩ የመጀመሪያ ሙከራ ይኸው ነው።

ኬሚስትሪው የተገለጠው ቆይቶ ነው። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሁለት የስኳር ሰንሰለት ስለሚሸከም ኃይሉ ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ያን ጊዜ የሚገኘው ውህድ ነው። ፍሬውን በቀጥታ በሜታኖል የሚያወጣ ተመራማሪ ደካማውን ቅርጽ ይዞ ሊቀር ይችላል። መውቀጥና በውሃ መዘፍዘፍ፣ እናቶች እንደ ተራ የቤት ሥራ የሚያዩት፣ ዋናው የዝግጅት ስልት ኖሯል።

በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከተሰበሰቡት በርካታ ዓይነቶች መካከል ዓይነት 44 የተባለውን መርጠው አለሙ። ሆኖም የዓለም ተቋማት የመርዛማነት ምርመራው እነርሱ በሚያውቁት ደረጃ እንዲደገም ጠየቁ፤ ዓመታትም አለፉ። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። የሚያስቆጨው ለአገር ውስጥ ላቦራቶሪ የተሰጠው ግምት ማነሱ ነው።

ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ በሚደፍነው የዜብራ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ላይ ለመጠቀም ፓተንት አወጣ፤ የባለቤትነቱ ክርክርም ከዚያ ወዲህ ጋለ።

ከፍሬው የተለየው ውህድ ለማቶክሲን ተብሎ የዶክተሩን ስም ይዟል። የተመረጠው ዝርያ ቁጥር አለው። አረፋውን ያፈሰሰችው ሴት በታሪኩ ውስጥ «አንዲት ሴት» ናት። የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን የሚያጠኑ የዛሬ የመመረቂያ ጽሑፎችም በአባሪያቸው «መረጃ ሰጪ 1፣ መረጃ ሰጪ 2» እያሉ ይቀጥላሉ።