የዓሦቹ መብራት

ሳሎኔ ውስጥ ያለችውን የመስታወት ገንዳ ያየ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሦቹ ነው። እኔን ስድስት ወር ያደከመኝ ግን ከበላይዋ የተንጠለጠለው መብራት ነበር።

ዓሦቹን ያመጣልኝ ከቆቃ ሐይቅ የሚያጠምድ የሰፈራችን ወጣት ነው፤ ጣት የሚያካክሉ ሦስት የቆሮሶ ጫጩቶች። «ጋሼ፣ እነዚህ የለመዱት ደፍራሽ ውሃ ነው፤ ብርሃን አያብዙባቸው» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።

መጀመሪያ የሰቀልኩት የመቶ ዋት አምፖል ነው። እንዲህ ያለው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጣልና፣ በቆቃ ሐሩር ላይ ምድጃ ጨመርኩበት ማለት ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ደቅነው አየር ይለምኑ ጀመር። አምፖሉን አውርጄ ረጅም ፍሎረሰንት ሰቀልኩ። እሱን ደግሞ ለማየት ስለጓጓሁ ቀንም ሌትም አበራሁት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሃው አልጌ አበቀለና አረንጓዴ ሆነ። ዓሦቹ ከድንጋዩ ሥር አንወጣም አሉ። አንድ ጠዋት አንደኛው ሞቶ ተንሳፎ አገኘነው።

«አባባ፣ እነሱ መቼ ነው የሚተኙት?» አለችኝ ልጄ። መልስ አልነበረኝም። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም፤ እንደኛ ጨፍኖ ብርሃንን መከልከል አይችልም።

መልሱ የመጣው መብራት በጠፋ ማታ ነው። ሻማ ለኩሼ ወደ ገንዳዋ ጠጋ ስል፣ የቀሩት ሁለቱ መሐል ላይ ወጥተው በእርጋታ ሲዋኙ አየኋቸው። ለካ መብራቱን የመረጥኩት ለእነሱ ሳይሆን ለራሴ ዓይን ኖሯል።

ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ስንቱን ቤት አብርቷል። አዋሽ አፈር ተሸክሞ ስለሚገባበት ግን ሐይቁ ድፍርስ ነው፤ ፀሐይ ወደ ውስጡ ብዙ አትዘልቅም። ለእኛ ብርሃን የሰጠው ውሃ ለዓሦቹ ድንግዝግዝ ነው።

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይባላል፤ ማኖሩም ብልሃት ይሻል። ገንዳዋን ከመስኮቱ ፀሐይ አራቅኋት። ውሃ ውስጥ ተክል የሚያሳድግ ሰው የቀን ብርሃን የሚመስል፣ 6500 ኬልቪን ገደማ የሆነ ብርቱ መብራት ቢገዛ ያዋጣዋል። የኔዎቹ ግን ለምለሙን ሁሉ ስለሚበሉት ተክል የለኝም፤ ደብዘዝ ያለች አንዲት ኤል ኢ ዲ በቃችኝ። የማትሞቅ ባትሆንም ሙቀቷ ጥቂት ነው።

በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ ትበራለች። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ሶኬት ቀትር ላይ ያበራታል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቀጭ ብሎ ያጠፋታል። ያን ጊዜ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።