ባለቤት የሌለው መኪና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የወጣቶች ክፍል የጥያቄ ሳጥን በተከፈተ ቁጥር የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጌም መጫወት ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል። የምንሰጠውም መልስ ይታወቃል፤ ጊዜ ይበላል፣ ደም ማፍሰስን ያለማምዳል፣ ከጸሎትና ከጥናት ያዘናጋል እንላለን። መልሱ እውነትነት አለው። በቅርቡ የወጣው አንድ ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፤ «መኪና የሚጠገንበት ጌምስ?» ሰው የማይገደልበት፣ ቁማር የሌለበት፣ ተጫዋቹ ብሎን ሲፈታና ሲያስር የሚያመሽበት ጨዋታ ማለቱ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም።

እኔ በዲቁና እያገለገልሁ በአምስት ኪሎ ሜካኒካል ምሕንድስና የምማር በመሆኔ ጥያቄው ወደ እኔ ተመራ። ሳያዩ መፍረድ ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ ባሕር ማዶ ያለች እኅቴ ጨዋታውን ገዝታልኝ በትምህርት ዕረፍቴ ሁለት ሳምንት ያህል ተጫወትሁት። (ልጆቹን ከየት አገኛችሁት ብዬ ስጠይቃቸው በፍላሽ ተገልብጦ መሆኑን ነገሩኝ። ስለ ሥራ የተሠራን ጨዋታ የሠሪዎቹን ዋጋ ሳይከፍሉ መውሰድ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ ግን ማንም አልጻፈውም።)

ጨዋታው «ካር መካኒክ ሲሙሌተር 2021» ይባላል። ሬድ ዶት ጌምስ የተባለ የፖላንድ ድርጅት ሠርቶት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ለገበያ ቀርቧል። ተጫዋቹ አንድ ጋራዥ ይሰጠዋል። ደንበኞች የመኪናቸውን ሕመም በአጭር መልእክት ገልጸው ይልካሉ፤ እርሱም መኪናውን በማንሻ ከፍ አድርጎ ከሥር ይመረምራል፣ የተበላውን ዕቃ ያወጣል፣ አዲሱን በኮምፒውተር ያዝዛል፣ ይገጥማል፣ ክፍያውን ይቀበላል። ገንዘብ ሲጠራቀምለት ዝገት የበላውን አሮጌ መኪና ከጥራጊ ግቢ ገዝቶ እንደ አዲስ ያድሰዋል።

በጎ ጎኑን ልሸሽግ አልወድም። የሞተርን አሠራር በክፍል ውስጥ በሥዕል ተምሬዋለሁ፤ ይህ ጨዋታ ግን ቅደም ተከተሉን በእጅ ያስይዛል። የሞተሩ ራስ ሳይነሣ ፒስተን አይወጣም፤ ዘይቱ ሳይፈስስ ሥራ አይጀመርም። ትዕግሥት የሌለው ተጫዋች የፈታውን መግጠም ያቅተዋል። በሞባይል ስልክ ላይ በየደቂቃው ጣቱን የሚያንሸራትት ልጅ አንድ ሞተር ፈትቶ እስኪገጥም ድረስ ሁለት ሰዓት በአንድ ነገር ላይ ማተኮሩ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም «ጌም» የሚለው ስም አያሳስተን፤ የአየር መንገዳችን አብራሪዎችም ቦሌ በሚገኘው ማሠልጠኛ መሬት ላይ በተተከለ አስመሳይ የአውሮፕላን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይለማመዳሉ።

አሁን ከጨዋታው ወጥተን ወደ መርካቶ እንውረድ። ሶማሌ ተራን የማያውቅ የአዲስ ከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ግድግዳው ሁሉ በመኪና ዕቃ የተሸፈነ ሱቅ፣ በእግረኛው መንገድ ላይ የተደረደረ ፓራፋንጎና ኮፋኖ፣ ከሥሩ የሰው እግር ብቻ የሚታይበት ታክሲ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ታርዶ ሞተሩ ለአንዱ፣ በሩ ለሌላው የተሸጠ አሮጌ መኪና። የቃላቱ ታሪክም ይገርመኛል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የገበያው ስም «መርካቶ» ራሱ ጣልያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ኃይል ተባርሮ ሲሄድ ቋንቋው በጋራዦቻችን ቀረ፤ ባለሙያዎቻችንም አማርኛ አድርገው አስቀሩት።

ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ማንነቱን አልደበቀም። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ በዚያው በሶማሌ ተራ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ መካኒክ ናቸው። ልጁ ማታ ማታ በአሮጌ ላፕቶፕ መኪና ይጠግናል፤ አባቱ ደግሞ ቀን የጠገኑበትን ልብስ አውልቀው «ምነው ይህን ጊዜ እኔ ዘንድ መጥተህ ብትሠራበት!» ይሉታል። እርሱ ግን ወደ ጋራዡ መሄድ አይወድም ነበር። ሲያጫውተኝ ምክንያቱን ሁለት አደረገው፤ አንደኛው የሚሉትን ቃል አለማወቁ ነው። ሁለተኛውን ለመናገር ጥቂት ቆየ፤ የክፍሉ ልጆች አባቱን በዘይት በጠቆረ ልብስ እንዲያዩበት አይፈልግም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ይዘን አብረን ሄድን። አባትየው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ዲያቆን፣ አንተንም በጌም ያዘህ?» ብለው ሳቁ። ልጁ ስክሪኑን ከፍቶ የሞተሩን አካላት በእንግሊዝኛ ስማቸው ያሳያቸው ጀመር። «ሲሊንደር ሄድ» ሲል «ቴስታታ ነዋ!» አሉ። «ሄድ ጋስኬት» ሲል «ጓርኒሲዮን»፤ «ስፓርክ ፕለግ» ሲል «ካንዴላ»፤ «ቤሪንግ» ሲል «ኩሽኔታ»። ልጁ ስማቸውን በሙሉ ያውቅ ነበር፤ አባቱም በሙሉ ያውቁ ነበር፤ በአንድ ቤት እየኖሩ ግን አንድም ቀን ስለ አንድ ብሎን ተነጋግረው አያውቁም።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ልጁ የሞተሩን ራስ ገጥሞ ብሎኖቹን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በተራ ሲያጠብቅ አባቱ በእጃቸው ስክሪኑን ሸፈኑት። «እንዲህማ አይታሰርም! ከመካከል ትጀምርና ወደ ዳር ትወጣለህ፤ እርሱንም በአንድ ጊዜ አታጠብቀውም፤ በዙር በዙር፣ በልኩ ነው» አሉት። ይህ በእኛም መጻሕፍት ያለ ነው። ራሱ በአንድ ወገን ቀድሞ ከተጨነቀ ጓርኒሲዮኑ ላይ እኩል አያርፍም፤ ውኃ ወደ ዘይት ይገባል፤ ዘይቱ ይነጣል፤ መካኒኮች «ማኪያቶ ሆነ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ጨዋታው ግን የልጁን አጠባበቅ ተቀብሎ ሞተሩን አስነሣለት።

አባትየው ጥቂት ተመልክተው «የማን መኪና ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የማንም አይደለም አባዬ። ጌም ነው እኮ።»

መልስ አልሰጡም። ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ መኪና ጠግኜ የአንዱንም ባለቤት ፊት አላየሁም ነበር። ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ባለቤቱን ታዩታላችሁ፤ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ የሚጠብቀው የሚኒባስ ሾፌር እርሱ ነው፤ ወይም መኪናውን ሰጥቶት የቀን ገቢውን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው። ሥራ የፈታበት እያንዳንዱ ሰዓት ከልጆቹ እራት ይቀነሳል። ኦሪጂናሉን ልግዛ፣ ኮፒውን ወይስ ያገለገለውን? ይህን የሚነግረው መካኒኩ ነው። በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደ ተበላ በመቶኛ ተጽፎበታል፤ በመርካቶ መቶኛው የሚገኘው በመካኒኩ አፍ ነው። «ቀይሬዋለሁ» ካለ ተቀይሯል፤ ሾፌሩ ከሥር ገብቶ አያይም፤ ቢያይም አይለየውም። በጥራጊው ግቢ ያገኘሁት ዕቃም ታሪክ አልነበረውም። በከተማችን ግን ማታ የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት ለራሱ ለባለቤቱ ይሸጣል እየተባለ ይቀለዳል፤ የልጁ አባት ከማን እንደ መጣ የማያውቁትን ዕቃ እንደማይገጥሙ ነግረውኛል፤ ደንበኛ እንደሚያስቀርባቸውም አልደበቁኝም።

የነቢዩ ኤልሳዕን የመጥረቢያ ታሪክ ታውቁታላችሁ። የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ መጥረቢያ ብረት ከውኃው ገባ። ሰውየውን ያስጮኸው መጥረቢያው የተዋሰው መሆኑ ነበር። ብረቱ በተአምር የተንሳፈፈው ለአንድ ለተዋሱት የሥራ ዕቃ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የሚታየኝ ተንሳፋፊው ብረት ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ከቤቱ ሆኖ መጥረቢያውን የሚጠብቀው ሰው ይታየኛል።

«ማይ ሰመር ካር» የተባለ የፊንላንድ ጨዋታም አለ። በአንድ ነገር ከፖላንዱ ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ለእያንዳንዱ ብሎን ልኩ የሆነውን ቁልፍ መምረጥ ያስፈልጋል፤ በደንብ ያላጠበቁት ዕቃም በመንገድ ላይ ይወልቃል፤ በአደጋ የሞተ ተጫዋችም እንደ አመራረጡ ሁሉን ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል። ይሁን እንጂ ስካርና ስድብ የሞላበት ስለሆነ ለወጣቶቻችን አልመርጠውም።

ልጁ ሌላም የጠየቀኝ ነገር አለ፤ «የአባቴ ሥራ ግን ይቀጥላል?» መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሰምቷል። ከዚያ በፊትም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ሶማሌ ተራን ለጊዜው ይበልጥ ተፈላጊ ያደርጉታል፤ አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው ዲኤክስና ቪትዝ ይጠገናል እንጂ አይጣልም። እየዋለ እያደረ ግን ካንዴላና ጓርኒሲዮን የሌለው መኪና ይበዛል። ያ መኪናም ቢሆን ፍሬን፣ መሪ፣ ሞላና ኩሽኔታ አለው። ይህን ነገርሁት፤ የኤሌክትሪኩን ደግሞ እርሱ ተምሮ ለአባቱ ያስተምር።

ለወረቀቱ የሰጠሁትም መልስ አጭር ነበር። ጨዋታው በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የሠርክ ጸሎትን ወይም የጥናትን ሰዓት ከወሰደ ግን የሌላውን ሰዓት ወስዷል። በሳምንት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ላፕቶፑ ተዘግቶ አባቱ ዘንድ ይዋል አልሁ። ሦስት ቅዳሜ ሄዷል። በመጀመሪያው ቀን ያሠሩት የተፈቱ ብሎኖችን በጋዝ ማጠብ ብቻ ነበር፤ ተማርሮ ነበር የመጣው። በሦስተኛው የፍሬን ሸራ አስቀየሩት፤ ከሠራ በኋላ ግን ሾፌሩን ከማስነሣታቸው በፊት ራሳቸው ገብተው እያንዳንዱን ብሎን ዳግመኛ ነኩት። ልጁ «አላመኑኝም» ብሎ ቅር ሲለው፣ አባትየው የራሳቸውንም ሥራ እንዲሁ ሁለት ጊዜ እንደሚነኩ አሳዩት።

የፍሬን ነገር ከተነሣ ለሁላችን የሚሆን ጉዳይ አለኝ። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የምንሄድበት መንገድ ከደብረ ብርሃን በኋላ ጣርማ በርን ያልፋል። ከዋሻው ሲወጣ አውቶቡሱ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ድረስ ከ1500 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ለረጅም ጊዜ ከተያዘ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሾፌሮች ማርሽ ቀንሰው የሚወርዱት ለዚህ ነው። እኛ ከውስጥ መዝሙር እንዘምራለን፤ ካህኑ የመንገድ ጸሎት ያደርሳሉ። ሸራውን ማን እንደ ገጠመው፣ መቼ እንደ ገጠመው የሚያውቅ ግን ከመካከላችን የለም። አውቶቡስ ስንከራይ የምንጠይቀው ዋጋውን፣ የወንበሩን ብዛትና ድምፅ ማጉያ እንዳለው ነው።

ስለዚህ ለጉዞ ኮሚቴው አንድ ጥያቄ በኪራይ ውሉ ቅጽ ላይ እንዲጨመር አመልክቻለሁ፤ «ፍሬኑ መቼ ታየ? ማን አየው?» የሚል። የልጁ አባት ከመነሻችን በፊት በሚውለው ቅዳሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መጥተው ጎማውንና ፍሬኑን ያለ ክፍያ ሊያዩልን ተስማምተዋል። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ልጁም ባትሪ ይዞ አብሮአቸው ከሥር ይገባል። የምትጓዙ ሁሉ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ተመዝገቡ።

ይቆየን።