«ራሱ ይነዳል» የሚባለው መኪና በአርባ ምንጭ መንገድ



ሰሞኑን አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ እስከ ሴቻ፣ ከመስጂድ በር እስከ ጁስ ቤት ወሬው የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። አይገርምም። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚያው ነው። ስለ ዋጋው፣ ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ እጥረት ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ሻጮች በፈገግታ ጣል የሚያደርጉትን አንድ ቃል ነው፦ «ራሱ ይነዳል እኮ!»

በአንድ የቻይና ስሪት መኪና ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በቤተሰብ ደጋግመን ተመላልሰናል። የምንናገረው ካየነው ነው።

መጀመሪያ ሐቁን እናስቀምጥ፤ መሣሪያው ይረዳል። ካሜራው የመንገዱን ነጭ መስመር ያያል፣ ራዳሩ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት ይለካል፣ ኮምፒውተሩ መሪውንና ፍጥነቱን በዚያ ልክ ያስተካክላል። ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም ከሞጆ እስከ ባቱ ባለው 93 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። መሄጃና መመለሻው የተለየ ነው፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው፣ ፊት ለፊት የሚመጣ የለም። የሾፌራችን ትከሻ ያርፋል። በመጀመሪያው ቀን መሪው ብቻውን ሲዞር አይተው «አዑዙ ቢላህ!» ያሉት እናታችን እንኳ በሦስተኛው ጉዞ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

የፍጥነት መንገዱ ሲያልቅ ነገሩ ይለወጣል። በተለይ ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሌላ ዓለም ነው። (ከሶዶ ወደ ሁምቦ ያለው ቁልቁለት ግን ያስደስታል፤ መኪናው ራሱን እየያዘ ሲወርድ ባትሪው መልሶ ይሞላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ማየት በነጻ ነዳጅ እንደ መቅዳት ነው።)

ብርብር ገበያ በዋለ ቀን አስፋልቱ የመኪና ብቻ አይደለም። ሙዝ የጫነ ጋሪ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ፣ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ ከብት አለ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ ባጃጅ አለ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከጋሞ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ጠጠርና አፈሩን አምጥቶ መንገዱ ላይ ይደፋዋል፤ ነጩ መስመር ከሥር ይቀበራል። ካሜራው የሚከተለውን ሲያጣ መሪውን ይለቃል። አንዳንዴ በድምፅ ያሳውቃል። አንዳንዴ ግን አረንጓዴዋ ምልክት ግራጫ ትሆናለች፣ በቃ። ላንቴ አካባቢ አንድ ቀን በባዶ መንገድ፣ የዛፍ ጥላ ይሁን ሌላ ነገር አይቶ፣ በድንገት ፍሬን ያዘ። ከኋላችን የነበረው አይሱዙ ለትንሽ ነው የተረፍነው፤ አልሐምዱሊላህ።

በዚህ መንገድ የኖረ ሾፌር የሚያነበው መስመሩን ሳይሆን ሰውን ነው። ላሟ ከተሻገረች ጥጃዋ እንደምትከተል ያውቃል። እረኛው በትሩን ካነሳ ቁም ማለቱ ነው። ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ መብራት ካበለጨለጨ ወይ ደርቦ ሊመጣ ነው፣ ወይ ትራፊክ ፖሊስ አለ ማለቱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስንት ዓመት መንዳት ይጠይቃል!

በመጋቢት 2010 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቴምፒ በተባለች ከተማ፣ ራሱን እንዲነዳ ይሞከር የነበረ የኡበር መኪና ሌሊት ላይ ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር ያስደነግጣል። መሣሪያው ሴትዮዋን ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አይቷታል። ነገር ግን አንዴ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ሲዋልል ጊዜው አለፈ። ሰው ከእግረኛ ማቋረጫ ውጭ ሊያቋርጥ ይችላል ብሎ እንዲያስብ አልተሠራም ነበር። እንግዲህ ከሁምቦ እስከ አርባ ምንጭ በዜብራ ብቻ የሚያቋርጥ ማን ነው? በወንጀል ተከሳ ጥፋተኛ የተባለችው ደግሞ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ ስልኳን ታይ የነበረችው ሠራተኛ ናት፤ ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም።

መኪናዎቹ የሚሠሩባት ቻይናም ብትሆን ትምህርቱን በከባድ ዋጋ ነው ያገኘችው። መጋቢት 20 ቀን 2017 አንሁዊ ግዛት ውስጥ አንድ የሻዎሚ መኪና መሣሪያው በርቶ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። እንቅፋት መኖሩን ሲያስጠነቅቅና ከኮንክሪት ግንብ ጋር ሲጋጭ በመሐል የነበረው ጥቂት ሰከንድ ነው። ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞቱ። በዚያ ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 32 ሜትር ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር የቻይና መንግሥት አምራቾቹን ሰብስቦ፣ በማስታወቂያ ላይ «ራሱን የሚነዳ» የሚሉ ቃላትን እንዳይጠቀሙ አዘዘ። እዚያ የተከለከለው ቃል እዚህ ሻጭ አፍ ላይ አለ።

ነጋዴ ወንድሞቻችን፣ የዕቃን ነውር ደብቆ መሸጥ በዲናችን ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። የሌለውን ችሎታ አለው ብሎ መሸጥስ? ገዢው ቃላችሁን አምኖ እጁን ከመሪው ያነሳል። በመስከረም 2011 የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ወጣቱን ከበቀል የመለሱት እዚሁ ከተማ ነው፤ ደም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአርባ ምንጭ ሰው አይነገረውም። ሰው ከተገጨ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባው፣ በሽማግሌ ፊት የሚቀርበው፣ የሟችን እናት ዓይን የሚያየው ሾፌሩ ነው። «መኪናው ነው» ቢል ማን ይሰማዋል?

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። አብዛኞቹ መኪናዎች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ የሚያስጠነቅቁት በቻይንኛ ነው። የእኛው ለብዙ ጊዜ ያቺ ሴትዮ ስትናገር «ምን አለች?» እየተባባልን እንስቅ ነበር። በኋላ ሲቀላ ያለ አንድ የሞባይል ጥገና ልጅ ጽሑፉን በስልኩ እያስተረጎመ ስድስት ማስጠንቀቂያዎችን በአማርኛ ጽፎልን ከስክሪኑ ጎን ለጠፍነው። የመጀመሪያው «እጅህን መሪው ላይ አድርግ» ይላል። ለካ ስንስቅባት የነበረው ይህንኑ ስትል ነው። ተመሳሳይ መኪና ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስተን እንልክላችኋለን፣ ኢንሻአላህ።